ማኑሄ የተከለው ድንኳን

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሀና ማርያም፣ አዲስ አበባ

ለምወድሽ ልጄ ለሌንሳ በንቲ፣

እንዴት ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ክረምቱን እንደ ፈራሁት አላስቸገረኝም። ላሟ ወልዳለች፣ የጓሮው በቆሎም እሸት ይዟል። ይህን ሁሉ በስልክ ነግሬሻለሁ። ዛሬ ወረቀት ያነሣሁት በስልክ ልነግርሽ ያልቻልኩት ነገር ስላለ ነው። አንቺ «እማዬ» ስትይኝ ልቤ ቶሎ ይራራል፤ ንዴቴም ይበርዳል። አሁን ግን እንዲበርድ አልፈልግም። ተናድጃለሁ፣ እንደተናደድኩ ልጻፍልሽ።

የጎረቤታችን ልጅ ቤቴል፣ ያቺ ለጥናታችሁ ሰው ስትመዘግብ የነበረችው፣ ትናንት ስለ ሐምሌው ስብሰባ ያወጣችሁትን ሪፖርት በስልኳ ይዛ መጣች። አጠገቤ ተቀምጣ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ። መጀመሪያው ላይ ስምሽ አለ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ቀጥሎ የእድራችን ድንኳን ፎቶ አለ። ከሥሩ «እድር ድሆች ተሳስበው የሚኖሩበት ተቋም ነው፤ ለነገዋ ፍትሐዊ ከተማ ብዙ ያስተምረናል» ይላል። እሺ፣ ይሁን። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ እንዲህ ስትል አነበበች፦ «ከተመዘገቡት ሃያ አራት ተሳታፊዎች ሃያ ሦስቱ ተገኝተዋል። አንድ ተሳታፊ ምክንያቱን ሳያሳውቅ ቀርቷል።»

ጮህኩ። ምክንያቱን ሳያሳውቅ? ማኑሄ ምክንያቱን በጥሩምባ ነው ያሳወቀው! ሰፈር ምድሩ ሰምቷል።

የዚያን ዕለት የሆነውን ሁሉ እዚህ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። እዚያ ደግሞ አንቺ አለሽ። አንቺ የረሳሽው ስለሚመስለኝ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ጀርመን ሄደሽ የምታጠኚበትን ፌሎውሺፕ ያገኘሽ ቀን ሰፈሩን ሁሉ ዞሬ ነግሬአለሁ። ምን እንደሆነ እንኳ በደንብ ሳይገባኝ ነበር የማወራው። በኋላ አንቺ አስረዳሽኝ። ሕግ የተማረው፣ ኢኮኖሚ የተማረው፣ ከተማ የሚነድፈው፣ ሥዕል የሚሥለው፣ ሁሉም በአንድ ቤት ተሰብስቦ ሰው ከሰው ለምን እንደሚበላለጥና የወደፊቱ ምን ቢሆን እንደሚሻል ያጠናል አልሽኝ። ጥሩ ነገር ነው አልኩ። አባቷ ሲያርሰው የኖረው መሬት ላይ ኮንዶሚኒየም ሲቆም እያየች ያደገች ልጅ ይህን ካላጠናች ማን ያጥናው? ስለ መሬታችን የጻፍሽውንም ቤቴል አንብባልኛለች። እውነት ነው፣ በእሱ አልተቆጣሁም።

ሰኔ ላይ ደወልሽ። «እማዬ፣ ፕሮፌሰሮቹ ሊመጡ ነው። እኔ የመኖሪያ ፈቃዴ እስኪታደስ ከጀርመን መውጣት ስለማልችል በቪዲዮ ነው የምገባው። አዳራሽ አንፈልግም፣ ሕዝቡ የለመደው ቦታ ይሁን ብለዋል። የእድሩን ድንኳን አታስፈቅጂልንም?» አልሽኝ። ልጄ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ስላለ ድንኳኑ የእኔ አይሆንም። አባትሽ ሲሞት፣ ዕቃ ቤቱ ግቢያችን ውስጥ ስለሆነ ቁልፉ ለእሷ ይሰጣት ሲባል ስንቱ ወንድ እንዳጉረመረመ ታውቂያለሽ። «ሴት የእድር ንብረት ክፍል ሆና አታውቅም» ነበር ያሉት። ይኸው ስድስት ዓመት ይዤዋለሁ፣ አንዲት ካስማ ጠፍታብኝ አታውቅም። ደንቡ ደግሞ ድንኳኑ ለለቅሶና ለሠርግ ብቻ ይወጣል ይላል። ስለ ወደፊቱ ለመነጋገር ይወጣል አይልም።

ያም ሆኖ ወደ ሊቀ መንበሩ ወደ አቶ ኢያቄም ሄድኩ። እሳቸው «አማከለች፣ ለልጅሽ ስል እሺ ብያለሁ። ነገር ግን ሰው ከሞተ ያንኑ ደቂቃ ይነቀላል። ቃልሽን ስጪኝ» አሉ። ቃሌን ሰጠሁ። ለአንቺም ነገርኩሽ። «እንዴ እማዬ፣ ይሄማ ግልጽ ነው» ነበር መልስሽ።

ቀኑ ሐምሌ 19 ሆነ። በገብርኤል ቀን ሰው አትሰብስቡ ብዬ ነበር፤ የአውሮፕላን ትኬት ተቆርጧል ተባልኩ። በዋዜማው ዓርብ ከሥራ ሲመለስ ድንኳኑን የተከለው ማኑሄ ነው። ሌላ ማን ሊተክለው? ከወላይታ መጥቶ ከኋላችን ባለው ግቢ አንድ ክፍል ከተከራየ ጀምሮ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በዚህ እድር ሰው በሞተ ቁጥር ድንኳን የሚተክለው እሱ ነው። ቀን ለቡ ሰፈር ኮንክሪት ሲሸከም ይውላል፣ ጥሩምባ ከሰማ ደግሞ ገመድ ይዞ ይቆማል። ለአባትሽ ለቅሶ የተከለው ማን ነበር? ሦስቱንም ቀን እየዞረ ገመዱን ሲያጠብቅ የነበረውስ? ያን ዓርብም የመጨረሻውን ገመድ ቋጥሮ ሲጨርስ ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ። «ምነው?» አልኩት። «ድካም ነው እትዬ። ነገ እኔም ከተጠሩት ነኝ፣ ሌንሳ ስለ ወደፊቱ ልትጠይቀኝ ነው» ብሎ ሳቀ።

ሊነጋጋ ሲል ልቡ ቀጥ አለች። ሚስቱ ጸሐይወርቅ ባጃጅ ጠርታ ጤና ጣቢያ ሳታደርሰው መንገድ ላይ አረፈ።

እኔ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ድንኳኑ ስለሄድኩ አልሰማሁም። በየወንበሩ ላይ ስም የተጻፈበት ባጅ ተቀምጧል። ፈረንጆቹ ትልልቅ ወረቀትና ባለ ቀለም እስክሪብቶ አደሉ፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሰፈራችሁ ምን እንዲመስል ትፈልጋላችሁ፣ ሣሉ አሉ። አንዷ ውሃ የሚወርድበት ቧንቧ ሣለች። ኦቦ ቶሌራ ሁለት በሬ ሣሉ። ያለፈውን ሳይሆን የወደፊቱን ነው የጠየቅነው ቢሏቸው «እኔም የሣልኩት የወደፊቱን ነው» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁት። አንቺ ፊት ለፊት በትልቁ ስክሪን ላይ ነሽ። ጸጉርሽን አሳጥረሽዋል። ሰዉ «የበንቲ ልጅ» እያለ ይጠቋቆማል፣ እኔም ኮርቻለሁ።

አምስት ሰዓት ገደማ ጥሩምባው ተነፋ። «የእድርተኛ ማኑሄ ቀብር ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለ ለፋፊው፣ ድንኳኑ በር ድረስ መጥቶ። ሰዉ ሁሉ ባዶ ወደነበረው ወንበር ዞረ። ባጁ ብቻውን ተቀምጧል።

ወዲያው ወጥቼ ገመድ መፍታት ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ካስማ እንደ ነቀልኩ አስተባባሪያችሁ እየሮጠ መጣ። «ማዘር፣ ምን እያደረጉ ነው? ውስጥ ሰው አለ እኮ!» አለኝ። «ሰው ሞቷል፣ ድንኳኑ የለቅሶ ነው» አልኩት። «ምሳ ሰዓት ድረስ ብቻ» አለ። አይሆንም ስለው ስልኩን አውጥቶ አንቺ ጋ ደወለና አቀበለኝ። ያልሽኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍልሽ።

«እማዬ በናትሽ፣ ሰምቻለሁ፣ በጣም አዝኛለሁ። ግን አንድ ሰዓት ብቻ። ሁለተኛውን ዓመት የሚያራዝሙልኝ ይሄን አይተው ነው። አሁን ከፈረሰ አለቀልኝ። ማኑሄ ራሱ ቢሆን ይፈቅድልኝ ነበር።»

አንድ ሰዓት አልሽ። ድንኳኑ የተነቀለው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከምሳ በኋላ አንደኛዋ ፈረንጅ ሰዉ የሣለውን እየዞረች ፎቶ ስታነሣ ቆየች። በር ላይ ቆሜ ስታየኝ አሳዝኛት ነው መሰለኝ እንድቀመጥ ብላ የማኑሄን ወንበር ሳበችልኝ። አልተቀመጥኩም።

በዚያ ሰዓት ጸሐይወርቅ የት ነበረች? ግቢዋን ታውቂዋለሽ፤ ስምንት ተከራይ የታጨቀበት ነው። አስከሬኑ ክፍሏ ውስጥ፣ ለቀስተኛው ደጅ፣ ዝናቡ ከላይ። ሰዉ ላስቲክና የሲሚንቶ ከረጢት አናቱ ላይ ይዞ ነው የቆመው። የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውሃ ከልብሳቸው እየተንጠፈጠፈ ዘመሩ። ዐሥራ አንድ ዓመት ለሰው ሁሉ ድንኳን የተከለ ሰው ለራሱ አንድ ሸራ አጥቶ ተቀበረ! እናንተ ደግሞ እሱ በተከለው ድንኳን ሥር፣ ደረቅ ቦታ ተቀምጣችሁ፣ ስለ እኩልነት ትነጋገራላችሁ። እንዴት አያናድደኝ? ከዚያ ሁሉ የተማረ ሰው መሐል አንድ እንኳ «ይህ ነውር ነው» የሚል ይጥፋ? ሌላውስ እሺ፣ አገሩን አያውቅም። አንቺ ግን እዚህ ነው ያደግሽው።

ከትናንት በስቲያ እሁድ የእድሩ ስብሰባ ነበር። አቶ ኢያቄም ተነሥተው «ቃል ሰጥተሽኝ ነበር። ምን ሆነ?» አሉኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ከኋላ አንዱ «ከመጀመሪያውም ለሴት አይሰጥ ብለን ነበር» አለ። ሌላው ደግሞ «ልጅቷስ? ሰው መሞቱን ታውቅ ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

«አታውቅም ነበር» አልኩ። «የጥሩምባው ድምፅ በስክሪኑ አልደረሳትም።»

በስድሳ አራት ዓመቴ ሰማንያ ሰው ፊት ዋሸሁ፣ ልጄ።

ከዚያ የሆነው ደግሞ ይብሳል። ጸሐይወርቅ ከሴቶቹ መሐል ተነሣች። ከስታለች፣ ቀሚሱ ሰፍቷታል። «ሌንሳ አውቃ ቢሆን ኖሮ ታስነቅለው ነበር» አለች። «ዩኒቨርሲቲ እያለች ጀሞ ከታክሲ ስትወርድ ከመሸ ማኑሄ ነበር ወጥቶ የሚቀበላት። እሷ እኛን እንዲህ አታደርገንም። እትዬ አማከለችንም አትንኩብኝ፣ ቁልፉ እሳቸው ጋ ይሁን።» ሰዉ በአንድ ድምፅ ተስማማ። ቁልፉ ይኸው አንገቴ ላይ ነው። ድሮ መኖሩን እንኳ እረሳው ነበር፣ አሁን ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ደረቴን ይወጋኛል። ይህ በሆነ በማግስቱ ነው እንግዲህ ቤቴል ያንን ሪፖርት ይዛልኝ የመጣችው።

እንግዲህ ስሚኝ። ያንን ዐረፍተ ነገር አስተካክይው። ማኑሄ እንደሞተ ጻፊ፣ የተቀመጣችሁበትን ድንኳን የተከለው እሱ መሆኑንም ጻፊ። ፕሮፌሰሮቹ ቅር ካላቸው ቅር ይበላቸው። ደግሞ ለጸሐይወርቅ ደውዪላት። ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ። ታውቂ እንደነበር በራስሽ አፍ ንገሪያት። ብትሰድብሽ ስሚያት፣ ብታለቅስም ስልኩን እንዳትዘጊባት። ጳጉሜን 2 እሁድ የዓመቱ መዝጊያ ስብሰባ አለን። እስከዚያ ካልደወልሽ እኔ እዚያው ሰማንያ ሰው ፊት ተነሥቼ እናገራለሁ።

ብትደውዪም ግን ቁልፉን እመልሳለሁ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልነገርኩም፣ ከአንቺም ደብቄዋለሁ። ያን ዕለት አንቺ ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ እጄን የያዘኝ ሰው አልነበረም። አስተባባሪው ወደ ውስጥ ተመልሷል። ብቻዬን ደጅ ቆሜያለሁ፣ ዝናቡም ማንጠባጠብ ጀምሯል። ማኑሄ የቋጠረው ገመድ ግማሹ ተፈትቶ እጄ ላይ ነው። ሁሉንም ልፈታው እችል ነበር። ነገር ግን «አለቀልኝ» ያልሽው ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ካስማውን መልሼ በድንጋይ መታሁት። ገመዱንም መልሼ ቋጠርኩት። እንደ እሱ አላጠበቅኩትም፣ ግን ያዘ።

ስለዚህ የተናደድኩት በአንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ።

ሁለተኛው ዓመት እንደተራዘመልሽ ቤቴል ነግራኛለች። አንቺ ልትነግሪኝ ለምን እንደፈራሽም ገብቶኛል። ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ ሐሙስ የሚበረው የቤቴል የአጎት ልጅ ነው። ፖስታው ውስጥ የማኑሄን ባጅ ታገኚዋለሽ፣ ከወንበሩ ላይ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ስትደውዪላት ከፊትሽ አስቀምጪው።

ብርዱ ሳይመጣ ወፍራም ካፖርት ግዢ። ምግብሽንም አትዝለይ። የሀናዋ ማርያም በሄድሽበት ሁሉ አትለይሽ፤ የምታፍሪበትን ነገር ለመናገር የሚበቃ ጉልበት ትስጥሽ፣ ለእኔም ጨምራ።

እናትሽ፣
አማከለች ፍሮምሳ
እስከ ጳጉሜን 2 ድረስ የእድሩ ንብረት ክፍል