ጊሌዋን ለማየት

ሰኞ
ሰይድ ሐሰንን ከባጃጁ ጎትቶ አውርዶ ፊቱን በድንጋይ ፈጠፈጠው። ማንጎ ሻጮቹ ተረባርበው ባይዙት ኖሮ ወንድሜ ዛሬ ነፍሰ ገዳይ ነበር። ሐሰን አባታችንን የገደለው ሰው ልጅ ነው። ለአራስ ልጁ የሟች አባቱን ስም፣ ጀማልን፣ አወጣለት። ሰይድን ያሳበደው ይሄ ነው።
እውነቱን ልጻፍ፦ ሐሰን ሲደማ ሳይ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ማክሰኞ
ሽማግሌዎቹ መጡ። «እስከ ዓርብ ታረቁ፣ አለዚያ እጃችንን እናወጣለን» አሉ። እነሱ እጃቸውን ካወጡ የሐሰን ወንድም እኛን ከማረድ የሚመልሰው የለም።
ሰይድ አሻፈረኝ አለ። ያኔ በአባባ ሞት ሁለቱ ቤተሰቦች ታርቀው ደም ሲደርቅ፣ አባባ የተወጋባት ጊሌ፣ ያቺ ወገብ ላይ የሚታጠቋት ጩቤ፣ በሁለቱም ቤት እንዳትቀር ተብሎ አዲስ አበባ ላለው ሙዚየም ተሰጥታለች። እሱ አያምንም።
«ውሸት ነው! እነሱ ቤት ናት። በዓይኔ ካላየኋት ወላሂ ሐሰንን እደፋዋለሁ!»
ከሽማግሌዎቹ መሃል ሼሁ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ውሰጂውና አሳዪው።»
ባትኖርስ? የሙዚየም ዕቃም እኮ ይጠፋል።

ረቡዕ
ከሮቢት ተነስተን የጣርማ በርን ዳገት አልፈን አዲስ አበባ ገባን። ሙዚየሙ በር ላይ ፈታሹ ከሰይድ ካልሲ ውስጥ ጩቤ አወጣ። «ወንድሜ፣ ይህን ይዘህ አትገባም፤ ስትወጣ ትወስዳለህ።» ጩቤ ለማየት ጩቤ ታጥቆ የሚመጣ የእኔ ወንድም ብቻ ነው!
ከበሮ፣ ጋሻ፣ የነገሥታት ካባ። አንዱንም በቅጡ አላየሁም። መጨረሻው ክፍል ውስጥ፣ ከመስታወት ጀርባ አገኘኋት። እጀታዋ በመዳብ ሽቦ የተጠመጠመ። አባባ ሆድ ላይ ተሰክታ ሳያት ሕፃን ነበርኩ፤ ሰይድ ገና አልተወለደም። በጣቴ አሳየሁት።
«ይቺ ናት?» አለ። «አባባን የሚያህል ሰው፣ በዚች?»
መስታወቱን በቡጢ መታው። ደገመው። በግንባሩ ገጨው። መስታወቱ ፍንክች አላለም፤ ጣቱ ተሰበረ። ጎብኚዎች እየጮሁ ወጡ፣ ጠባቂዎች ክንዱን ጠምዝዘው ጣሉት። ወለል ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። እግራቸው ላይ ወድቄ አስለቀቅኩት።
የበሩ ፈታሽ የሆነውን አልሰማም፤ የካልሲውን ጩቤ መለሰለት። ሰይድም ተቀበለ! እስከ ሮቢት ድረስ ከካልሲው ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም።

ዓርብ
ለዕርቁ ሼሁ ቤት ተሰበሰብን። ሐሰን አንድ ዓይኑ ታሽጎ መጣ። ሚስቱ ትንሹን ጀማልን ታቅፋለች። ሰይድ ብድግ ብሎ ከካልሲው ጩቤዋን መዘዘ። ጮህኩ። የሐሰን ወንድም ዱላውን አነሳ።
ሰይድ ጩቤዋን ሼሁ እግር ሥር ጣላት።
«አባባ ሼህ፣ ይቺንም አዲስ አበባ ይላኳት።»
ሐሰን እጁን ዘረጋ። ሰይድ በፋሻ በተጠቀለለ እጁ ጨበጠው። የሐሰን ወንድም ግን ዱላውን እንደያዘ ወጥቶ ሄደ። አሁን መሽቷል፤ የቤታችንን በር ከውስጥ በድንጋይ አስደግፌዋለሁ፤ ሰይድ ተኝቷል።