ስለ እትዬ ይነበብልኝ ዕረፍትና ስለ አንድ ያልታረመ ዓረፍተ ነገር

የጎርፍ አደጋ ጥናትና ትምህርት ማዕከል፣ ለሃያ ስድስት ዓመታት፣ የመጨረሻዎቹንም ከጡረታ በኋላ በፈቃደኝነት ያገለገሉትን የተመራማሪያችንን የእትዬ ይነበብልኝን ዕረፍት ለሠራተኞቹ፣ ለወንዝ ዳር ሰፈር ነዋሪዎችና ለሚያውቋቸው ሁሉ በጥልቅ ኀዘን ያስታውቃል። እትዬ ያረፉት በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ በልጆቻቸውና በልጅ ልጆቻቸው መካከል ነው። ዕድሜም የሥራ ፍሬም የጠገቡ ሰው ነበሩና ኀዘናችን ምስጋና ይበዛበታል። ሆኖም ከማዕከሉ የጠየቁት አንድ ነገር ሳይፈጸምላቸው ሄደዋል፤ ይህ መግለጫ የሚወጣው ለዚያም ጭምር ነው።

እትዬ ወደ ማዕከሉ የመጡት ከመምህርነት ነው። «ይነበብልኝ» ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ማንኛውም ጽሑፍ ሲቀርብላቸው መነጽራቸውን አውልቀው «ይነበብልኝ» ስለሚሉ ባልደረቦች በሹክሹክታ ያወጡላቸው ነው። ሹክሹክታው ጆሯቸው ሲደርስ ስሙን ራሳቸው ጽፈው በቢሯቸው በር ላይ ለጠፉት። «ዓይኔማ ደኅና ነው፤ ዓይን ያሳልፋል፣ ጆሮ ግን ይይዛል» ይሉ ነበር።

በአገልግሎታቸው በአራተኛው ዓመት ማዕከሉ በሰፈሩ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳዎችን ተከለ። የመሬቱን ከፍታ ለማመልከት፣ መሬቱ ከፍ ባለበት «ከፍተኛ»፣ ወንዙ አጠገብ ዝቅ ባለበት «ዝቅተኛ» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጻፈ። ሁለት መሐንዲሶችና አንድ አርታኢ አይተው ፈርመውበታል። ጎርፉ ይመጣል በተባለበት ቀን የላይኛው ሰፈር ሰው ዕቃውን ሸክፎ ሲወጣ የታችኛው ቤቱ ተቀመጠ። አሥራ አራት ቤት በውሃ ተወሰደ። የሰው ሕይወት ባያልፍም በታችኛው ሰፈር የሚኖሩ የአንዲት ልብስ አጣቢ እናት ዳሌያቸው ተሰብሮ ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ ሄደው አያውቁም።

ማዕከሉ በዚያው ዓመት ሪፖርቱ «ጉዳቱ የደረሰው በነዋሪዎች የግንዛቤ እጥረት ነው» ሲል ጻፈ። እትዬ ሪፖርቱን ይዘው ልብስ አጣቢዋ ዘንድ ሄዱ። አጣቢዋ እጃቸውን ከአረፋው ሳያወጡ የመለሱት በእትዬ ማስታወሻ ሰፍሯል፦ «እንዴ! ‹ዝቅተኛ› ብላችሁ የጻፋችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ? ስጋቱ ዝቅተኛ ነው ከተባለ እናቴን በዝናብ የት ላንከራትታት?» እትዬ በማግስቱ በስብሰባ ላይ «ግንዛቤ ያጠረንስ እኛ ነን» አሉ። ሰብሳቢው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ።

ከአምስተኛው ዓመት ጀምሮ እትዬ «የጎረቤት ንባብ» የተባለውን አሠራር አስጀመሩ። ማንኛውም ማስጠንቀቂያ ከመታተሙ በፊት ለሦስት የሰፈሩ ሰዎች ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ሰምተው ምን እንደሚያደርጉ ይጠየቃሉ፤ አንዱ እንኳ ከተሳሳተ ወረቀቱ ወደ ጸሐፊው ይመለሳል። በዚህም «ከፍተኛ የውሃ መጠን ጭማሪ ይጠበቃል» የሚለው «ውሃ እየመጣ ነው፤ አሁኑኑ ወደ ትምህርት ቤቱ ውጡ» ሆነ። ይህ መግለጫም ትናንት ለሦስት የሰፈሩ ሰዎች ተነብቧል። ከሰሚዎቹ አንዱ የሆኑት ጫማ ሠሪ «ኧረ በፈጠራችሁ፣ ‹አንጸባራቂ አሻራ› የምትሉትን አውጡት፤ እትዬ ቢሰሙ ይስቁባችሁ ነበር» ስላሉ ወጥቷል።

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት እትዬ፣ ነዋሪዎች የወንዙን ውሃ ከፍታ ራሳቸው እየለኩ የሚመዘግቡበትን ጥናት አቋቋሙ፤ ዛሬም ከመሣሪያዎቻችን ቀድሞ የሚደርሰን የእነሱ ቁጥር ነው።

በሃያ ሦስተኛው ዓመት ከቀድሞው የባሰ ጎርፍ መጣ። የታችኛው ሰፈር በአርባ ደቂቃ ውስጥ ተጠቃሎ ወጣ፤ አንድም ሰው አልተጎዳም። እትዬ በትምህርት ቤቱ ግቢ ሰዉን ቆጥረው ሲጨርሱ አለቀሱ። ምን ሆኑ ሲባሉ «ጉንፋን ነው» አሉ። ደስታቸው ግን ለሳምንት ከፊታቸው አልጠፋም።

ያ የሪፖርት ዓረፍተ ነገር ግን እንዳለ ቀረ። በሰፈሩ ልብስ አጣቢዋን «ማንበብ እያወቀች እናቷን ያስጎዳች» የሚሉ ነበሩ፤ የእኛም ጽሑፍ ለሐሜቱ ምስክር ሆነ። እትዬ «የሴትዮዋ ስም ይመለስ» እያሉ በየዓመቱ ደብዳቤ ጻፉልን፤ ሃያ ሁለት ደብዳቤ። በየዓመቱም «ጉዳዩ እየታየ ነው» ብለን መለስን። እውነቱን ለመናገር ማንም እያየው አልነበረም። አፍረናል።

የማዕከሉ ሥራ አመራር ትናንት ተሰብስቦ ዓረፍተ ነገሩን ሰርዟል። በምትኩ የጸደቀው ይህ ነው፦ «ጉዳቱ የደረሰው ማዕከሉ በሰሌዳው ላይ በጻፈው ስህተት ነው። ነዋሪዎቹ አንብበዋል፤ ያነበቡትንም አምነዋል።»

ለእትዬ ልጆች፣ ለልጅ ልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ለልብስ አጣቢዋም፣ እትዬ በሕይወት ሳሉ ልንለው ይገባን የነበረውን ዛሬ እንላለን፦ እናትዎን ያስጎዷቸው እርስዎ አይደሉም፤ እኛ ነን።