በሐይቁ ላይ የተጣመመ ዱካ

የካቲት 24
ብርዱ ትንሽ ለቀቅ አድርጎናል። የኒላስን የቆዳ ጫማ ስጠግን ዋልኩ። ባሌ ጫማ የሚጨርሰው እንደ ልጅ ነው። ምሳ ላይ አባቱ አስላክ ስለ ጉዞው አነሳ። የምናረባቸውን አጋዘኖች ወደ ባሕሩ ዳር የምናወርድበት ጊዜ እየደረሰ ነው። የሐይቁ በረዶ ይሸከመን ይሆን?
"ይሸከማል" አለ ኒላስ፣ አጥንት እየጋጠ።

የካቲት 27
በበረዶ ላይ የሚነዳው ሞተር ኒላስን ይዞት ተገለበጠ። የጠፉ አጋዘኖች ሲፈልግ ከወንዙ አፋፍ ወርዶ... ሄልሜት? መቼ አድርጎ ያውቃል። የትከሻው አጥንት ተሰብሯል፣ ግንባሩ አብጧል። ጤና ጣቢያ እስክንደርስ የሚጠይቀኝ "ሞተሩስ ተረፈ?" እያለ ነበር።
ሐኪሟ ትከሻውን አሰረችለትና እኔን ለብቻዬ ጠራችኝ። "ትከሻው ይድናል። የምፈራው ጭንቅላቱን ነው። ደም ውስጥ ውስጡን ቀስ ብሎ ሊጠራቀም ይችላል። ራስ ምታት ከባሰበት፣ ነገር ከረሳ፣ እጅ እግሩ ከከዳው፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ አምጪው።"
ቀጠሮው መጋቢት 11።

መጋቢት 6
ራሱን ያመዋል። "እንቅልፍ አጥቼ ነው" ይላል። ግን ቀኑን ሙሉ ይተኛ የለ?

መጋቢት 11
አልሄድንም። ማዕበሉ መንጋውን በትኖት ወንዶቹ ሁሉ ወጡ። እሱም በአንድ እጁ እየነዳ ወጣ።
"ሐኪሟ ትጠብቀኛለች፤ አጋዘን ግን አይጠብቅም።"
አስላክ ሳቀ። "እኔስ ስንቴ ወድቄያለሁ? የእኛ ቤት ራስ ድንጋይ ነው፣ ልጄ።"
እኔ አልሳቅኩም።

መጋቢት 17
ውሻችንን አምና በሞተው ውሻ ስም ጠራው። ሾርባ ሲጠጣ ማንኪያው ከእጁ ወደቀ። ማንኪያውን አልፈለገም... እጁን ነው ያየው።
"ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን" አልኩት።
"አትነዝንዢኝ!"
ከተጋባን ጀምሮ ጮኾብኝ አያውቅም። ደግሞ ቀኝ እግሩን ይጎትታል። ወይስ ለእኔ ነው እንዲህ የሚመስለኝ?

መጋቢት 19
ጠዋት ለሐኪሟ ደወልኩ። "አሁኑኑ አምጪው" አለች። ስወጣ ሞተሩ የለም። ኒላስ የሐይቁን በረዶ ሊያይ ሄዷል።
አስላክ የራሱን ሞተር አስነስቶ ከኋላው አስቀመጠኝ። ከኮረብታው ላይ ሆነን ዱካው ታየን። መጀመሪያ ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ ዘመም... ከዚያ ይበልጥ... ወንዙ ወደሚገባበት፣ በረዶው ወደሚሳሳበት። አስላክ ሞተሩን አጠፋ።
"ልጄ እንዲህ አይነዳም" አለ ቀስ ብሎ።
በረዶው ከተከፈተበት ከጥቁሩ ውኃ አፍ ላይ ደርሶ አገኘነው። ሞተሩ ይንተከተካል፣ ኒላስ ተቀምጧል፣ ቀኝ እጁ ተንጠልጥሏል። ስጠራው ዞረ። አፉ ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣውም።
አስላክ በሆዱ እየተሳበ ሄደ። አጋዘን የሚይዝበትን ገመድ ወረወረና ገመዱ የልጁን አንገት ሳይሆን ደረቱን ያዘው። ሁለታችን ጎተትነው። በስልክ የጠራነው ሄሊኮፕተር ሲመጣ ገመዱን ገና አልፈታነውም ነበር።

መጋቢት 20
የራስ ቅሉን በስተው ደሙን አፈሰሱለት። "የቆየ ደም ነው፤ እንደተቃጠለ ዘይት ጠቁሯል" አለኝ ቀዶ ሐኪሙ። "ትንሽ ቢዘገይ..."
አስላክ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል። "ስቄ ነበር እኮ" ይላል። ደጋግሞ።

መጋቢት 29
ለክትትል ወደ ሆስፒታል ተመልሰን ኒላስ እንደገና ስካን ተነሳ። አንጎሉ ዳር ላይ ትንሽ ጥላ አለ። ውኃ ይሁን ደም ገና አልለዩትም። መንዳት ተከልክሏል። ሐኪሙ "ጣቴን ጭመቅ" ሲለው ኒላስን ፊቱን አላበው። የጨመቀ መስሎታል፤ ጣቶቹ ግን አልተንቀሳቀሱም።

ሚያዝያ 9
ጉዞ ጀመርን። አስላክ ሰው ሁሉ ፊት ወደ እኔ እያመለከተ "ራቭና ትምራ" አለ። ማንም አልተቃወመም። ሞተሬን አስነሳሁ።
ኒላስን ከሞተሬ ኋላ በሚጎተተው የበረዶ ጋሪ ላይ፣ ልጆች በሚቀመጡበት፣ በቆዳ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ሐይቁ ላይ እንደገባሁ ዞር ብዬ አየሁት። ዓይኑ በረዶው ላይ ነው። ከበታችን በረዶው ቋ አለ።
"ራቭና... ቀስ... በይ።"
ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሁሉ ይህንኑ ሲለምነው ኖሯል። ከእሱ አፍ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።
ቀስ አልኩ።