አሥራ ሰባተኛው ወረቀት

ለውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽስ ደኅና ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብዬ ልጽፍ ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ። ይህንኑ ጥያቄ ከመስከረም ጀምሮ በየወሩ እያባዛሁ፣ «ከአንድ እስከ አምስት ካሉት አንዱን ቁጥር ክበቡ» እያልኩ በየመልእክት ሣጥናችሁ ስከት የኖርኩት እኔው ነኝ። አፈር ልብላ!

ባለፈው ዓርብ ዳይሬክተራችን ክላይቭ አንድ ትልቅ ካርድ ገዝቶልሽ መምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ካርዱ ላይ አንዲት ድመት ሶፋ ላይ ተንጋላለች። ሁሉም እየተጋፋ «ቶሎ ተመለሽልን» ብሎ ፈረመ። እሱ ራሱ «የኛ ጀግና» ብሎ ጽፎ ቀይ ልብ ስሎበታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ! እኔ አልፈረምኩም። «ምነው አንቺ? የልብ ጓደኛዋ አይደለሽም እንዴ?» አለኝ በሰው ፊት። እስክሪብቶዬ አልቋል ብዬ ወጣሁ። እውነቱን ልንገርሽና ከዚያ ብትጠዪኝም መብትሽ ነው።

ክላይቭ የመምህራን እንክብካቤ ተጠሪ ያደረገኝ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ቢሮው ጠርቶ «ሰው ይወድሻል፤ ከአንቺ የተሻለ አላገኘሁም» ሲለኝ ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከጠመኔና ከደብተር በቀር አንድ ነገር የሰጠኝ ሰው አልነበረም። ከሌላው ሥራዬ ግን አንድም አልቀነሰልኝ። ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ «መምህራኑ ሲደክማቸው ምን ታደርጉላቸዋላችሁ?» ብለው ስለሚጠይቁ ማስረጃ ያስፈልገናል አለኝ። ማስረጃ! የሚያስፈልገው ለእሱ ነው እንጂ እኛ መቼ ማስረጃ አጣን፤ የሁላችንም ዓይን ሥር ጠቁሮ የለም?

ከዚያ ያቺ የሐሙስ ዕለት መዓት መጣች። የልጆቹ የውጤት መግለጫ በማግሥቱ ጠዋት ይገባል፤ እኛ ደግሞ ትምህርት እንዳለቀ አዳራሽ ገብተን በልጆቹ የስፖርት ፍራሽ ላይ እንድንጋደም ታዘዝን። መቅረት አይቻልም፤ የስም ዝርዝሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከሌላ ከተማ የመጣችው አሠልጣኝ ባዶ እግሯን እየተመላለሰች «ትከሻችሁን ልቀቁት፣ ይውደቅ» ትላለች። አንቺ ከጎኔ ሆነሽ «የኔ ከወደቀ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ አግኝታው እንደሆን ጠይቂልኝ» አልሽኝ። ዘበኛው ሲድ በር ከፍቶ በቁማችን፣ ማለቴ በተጋደምንበት፣ ሲያየን «ሞታችሁ ነው ወይስ ተኝታችሁ? የሞተም ቢኖር አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እዘጋለሁ» አለ። ያን ጊዜ ሳቅሽ። ሁላችንም ሳቅን፤ እኛ ጨርሰን ዝም ስንል አንቺ አላቆምሽም። እንባሽ በጆሮሽ ላይ ሲወርድ አየሁት። ሳቅ ነው ብዬ አለፍኩት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ እንደሚባለው፣ ከዚያ ሁሉ መተንፈስ በኋላ እያንዳንዳችን ወደ ክፍላችን ተመልሰን ሥራችንን ቀጠልን።

እዚህ ላይ ነው የኔ ኃጢአት የሚጀምረው። መምህራኑ አሥራ ሰባት ነን፤ የመጠይቁ ወረቀት የተመለሰው አሥራ ስድስት ነበር። ክላይቭ «አንድም እንዳይጎድል» ብሎ ወጥሮ ይዞኛል። እኔም በዚያው ሐሙስ ጠዋት፣ ለልጆች ደብተር የምንለጥፈውን ፈገግታ ያለው ቢጫ ክብ በርሽ ላይ ለጥፌ፣ ሥሩ «የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ!» ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ከፍራሹ ተነስተን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ባለቀለም ወረቀት ላወጣ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሄድኩ። በሩን ገርበብ እንዳደረግኩ ከመደርደሪያው ጀርባ ስታለቅሺ ሰማሁ። አንቺ መሆንሽን ለማወቅ ማየት አላስፈለገኝም፤ በክፍሎቻችን መሃል ያለው ግድግዳ ስስ ነው፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ድምፅሽን ስሰማ ኖሬአለሁ።

እጄን መያዣው ላይ አድርጌ ቆምኩ። የአሥራ አንድ ልጆች መግለጫ ይቀረኝ ነበር። እሷን ካቀፍኩ አንድ ሰዓቴ ሄደ ብዬ አሰላሁ። እግዜር ያያል፣ እንደዚያ ብዬ አሰላሁ። ከዚያ እንዳይንጫረር ቀስ አድርጌ ዘጋሁትና ያለ ወረቀት ተመለስኩ።

በማግሥቱ አሥራ ሰባተኛው ወረቀት ሣጥኑ ውስጥ ተገኘ። ስም የለበትም፤ ስም አይጻፍም ብያለኋ! ግን መምህርን በእጅ ጽሕፈት ማን ያታልላል? ስሙን ያልጻፈ ልጅ ደብተር ለባለቤቱ ስንመልስ ኖረናል። የፊደሎችሽን ጭራ እንዴት ወደ ግራ እንደምትጠመዝዢው ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። «ምን ቢደረግልዎ ይሻልዎታል?» ለሚለው ጥያቄ ሌላው «የሚታረም ደብተር ይቀነስልን»፣ «ማሞቂያው ይጠገን» ብሏል። አንቺ ግን «አንድ ሰው እንዴት ነሽ ብሎኝ መልሱን እስክጨርስ ቁጭ ቢልልኝ። ጠዋት ጠዋት ከመኪናዬ መውረድ ካቃተኝ ሦስት ሳምንት ሆነኝ» ብለሽ ጽፈሻል።

አነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ማጠቃለያው ሰንጠረዥ ላይ «የሥራ ጫና»፣ «የልጆች ጠባይ»፣ «ቁሳቁስ» የሚሉትን ረድፎች አይቼ አንቺን የት እንደማስገባሽ ሲጨንቀኝ «ሌላ» በሚለው ውስጥ አስገባሁሽ። ስማችሁ አይታወቅም ብዬ ቃል ገብቻለሁ፣ አሁን ሄጄ አወቅኩሽ ብላት ቃሌን ማጠፌ ነው አልኩ። እንዲህ ያለ ቃል አክባሪነት ገደል ይግባ! ክላይቭ «አሥራ ሰባት ከአሥራ ሰባት!» ብሎ አጨበጨበልኝ።

ያለፈው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ሲድ መኪናሽ ውስጥ አገኘሽ። ሞተሩ እንደበራ፣ ቀበቶሽ እንደታሰረ፣ ስምሽን ሲጠራሽ ዞር ብለሽም ሳታዪው። አይ አንቺ! ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ሆነሽ እንኳ ለሚተካሽ ሰው የቀኑን የሒሳብ ትምህርት ልከሻል አሉኝ። ክፍልሽ የገባሁት እኔ ነበርኩ። ያቺ ነገረኛዋ ኢሞጂን እጇን አውጥታ «እኛ ስለረበሽን ነው የሄደችው?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። «ታዲያ ማን ነው ያስከፋት?» አለች። ደብተር አድዪ ብዬ አባረርኳት።

ትናንት ክላይቭ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት፤ ግምጃ ቤቱንም፣ ወረቀቱንም። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጣኝ እንዴት ደስ ባለኝ! እሱ እቴ! «ወረቀቱ ስም የለውም፤ ስለዚህ እኛ አናውቅም፣ አንቺም አታውቂም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ቀጠለና «ደግሞ ደክሞሻል መሰለኝ፤ የገና በዓል ካለፈ በኋላ አሠልጣኟን ላንቺ ብቻ እናስመጣልሻለን» አለኝ። ደሜ ፈላ። የእንክብካቤውን መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ «ፍራሹ ላይ አንተው ተጋደምበት» ብዬው ወጣሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የማስተማር ሥራዬ ዳይሬክተርን አንተ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ አይደለም፣ በር ግን ወርውሬ ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነው።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደውዬ አሞኛል አልኩ። ጸሐፊዋ እንደ ደንቡ የቀኑን ትምህርት ላኪልኝ አለች። የምልከው የለም አልኳት። «ምንሽን ነው?» ስትለኝ ስልኩን ዘጋሁባት። መኪናዬን ላስነሳ ወረድኩ፤ ቀበቶዬን ካሰርኩ በኋላ ፈትቼ ወጣሁና አውቶቡስ ያዝኩ።

እናም ይህን የምጽፍልሽ አሁን ካረፍሽበት ከእናትሽ ቤት ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ሆኜ ነው። ባለቤቷ ሦስት ጊዜ ሻይ ቀየረችልኝ፤ ሦስቱም ቀዝቅዟል። ባሕሩ ዛሬ ክፉ ነው፤ ነፋሱ መስኮቱን ይደበድባል። አሁን ተሻግሬ ይህን በበራችሁ የደብዳቤ ቀዳዳ እከትና አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ እላለሁ። የመጨረሻው አውቶቡስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ካልከፈትሽልኝ አልቀየምም፤ ነገ እመለሳለሁ። ነገ ረቡዕ፣ የሥራ ቀን፣ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከነገ ወዲያም እመጣለሁ።

ብትከፍቺልኝ ግን እባክሽ መጀመሪያ አንቺ ተናገሪ። እኔ ከጀመርኩ የማቆም አይመስለኝም።

ፈጣሪ እንቅልፍሽን ይመልስልሽ፤ ለእናትሽ ዕድሜ ይስጥልሽ፤ ከዚህ ነፋስም ይጠብቃችሁ።

ከግድግዳው ማዶ ያለችው ጓደኛሽ