ሰርጉ እስኪያልፍ

ማክሰኞ

ፖስታውን የከፈትሁት የስብሰባ ጥሪ መስሎኝ ነው። ከጠረፍ ጦር የመጣ ደብዳቤ ሆኖ ተገኘ። ወታደር ምንይችል በግዳጅ ላይ ተሰውቷል፤ ለቤተሰቡ ተነግሮ፣ እናቱ ፈርመው፣ መልሱ በሳምንት ውስጥ ይላክ ይላል። ሁለት መስመር ተኩል።

እናቱን አውቃቸዋለሁ። እማማ የሺ ናቸው። ከማንኩሳ ወዲያ ካለ ቀበሌ በየአሥራ አምስት ቀኑ ፍኖተ ሰላም፣ የወታደር ቤተሰብ ጉዳይ ወደምይዝበት ቢሮ እየመጡ "የልጄ ፈቃድ መጣ?" ይሉኛል። "አልመጣም" እላለሁ፣ በመስኮት፣ ብዙውን ጊዜ ቀና ሳልል።

ረቡዕ

ለንስሐ አባታቸው ደውዬ ነገርኋቸው። ቄሱ እንዲህ አሉኝ፦ "እሑድ የሴት ልጇ ሰርግ ነው። ጠላው ተጠምቋል። ደግሞም መርዶ እንደ ደብዳቤ አይታደልም፣ ልጄ፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። ማክሰኞ እንነግራታለን። እስከዚያ አፍህን ያዝ።"

ኃላፊዬ ደግሞ ፊርማው የት አለ ይላል።

ታሪክ በርቀት እማራለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ ስፔን በሜክሲኮ ሰሜን ጠረፍ ስላሰፈረቻቸው ወታደሮች አስተዳደር ነው። እስካሁን ደስ እያለኝ ነበር የማነበው፦ ስንት ፈረስ፣ ስንት ጦር፣ የቆዳ ካፖርት፣ ማን ታመመ፣ ማን ከዳ፣ ማን ሞተ። ዛሬ የእናት ስም ስፈልግ አመሸሁ። ካነበብሁት ሁሉ አንድም አጣሁ። እኛስ ብንሆን ፊርማቸውን አይደል የምንፈልገው?

ሐሙስ

መጡ። ለሙሽራዋ ጫማ ሊገዙ ወጥተው ነው። በመስኮቱ ብቅ ሲሉ ሳላስበው ብድግ አልሁ። ወደ ውስጥ አስገባኋቸው፣ ወንበሬን ሰጠኋቸው፣ ሻይ አስመጣሁ። ስኳሩን ራሴ አማሰልሁላቸው።

"ለእኅቱ ሰርግ ይደርስልኛል?"

"መንገዱ ሩቅ ነው፣ እማማ። ለሰርጉ እንኳን አይደርስም።"

ውሸት አይደለም። ውሸት ነው እንጂ! ሻዩን ሳይጨርሱ ተነሡ። በሩ ላይ ዞር ብለው "እሑድ እንዳትቀር" አሉኝ። ምንም አልጠረጠሩም፤ ተወጣሁት አልሁ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስሁ።

እሑድ

ባልሄድ ይጠረጥራሉ ብዬ ሄድሁ። ዳሱ ጢም ብሏል። እማማ የሺ እየዞሩ ያጎርሳሉ። እኔንም አጎረሱኝ። ሴቶቹ እልል ሲሉ የሳቸው ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማል። ቄሱ መሬት መሬት ያያሉ። ልጇ የሞተባትን እናት እልል የምናሰኝ፣ ምን ዓይነት ሰዎች ነን?

ሙሽራዋ ስትሸኝ እማማ የሺ አንገቷን አቅፈው አልለቅ አሏት። በኃይል አለቀሱ። የእናት ነገር ነው ብዬ አለፍሁት።

ሰኞ

ኃላፊዬ "ነገ ፊርማው ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን" አለ። እማማ የሺ መጻፍ አይችሉም። የአሻራ ቀለሙን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። በራሴ አፈርሁ።

ማክሰኞ

ጎህ ሲቀድ ደረስን። ቄሱ፣ የእማማ የሺ ወንድም፣ ዘመድ አዝማድ፣ እኔ ከኋላ።

በሩ ክፍት ነው። እማማ የሺ ጸጉራቸውን ተላጭተው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የሰርጉ ዳስ እንዳለ ነው። ትናንት ሊያፈርሱት ሲሉ "ተዉት፣ ይቆይ" ብለው ከልክለዋል አሉ።

ቄሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ "አውቄዋለሁ፣ አባ። ልጄን ልዳራት ብዬ ነው" አሉ። ያኔ ጩኸቱ ቀለጠ።

እኔን ሲያዩ እጄን ያዙኝ። "ሁለት ዓመት ሙሉ በመስኮት ነበር የምታናግረኝ። ሐሙስ ለት ብድግ ብለህ ወንበርህን ስትሰጠኝ፣ ምንይችል እንደሌለ አወቅሁ።"

ቀለሙን እኔ አላወጣሁም። እሳቸው ናቸው የጠየቁኝ። "ወረቀት ይዘህ ይሆናል፤ አምጣው፣ እንዳይቆጡህ" አሉኝ። አውራ ጣታቸውን ይዤ አስጫንሁ።

ከሰዓት ቢሮ ገባሁ። መልሱ ተላከ። ወዲያው አንዲት ሌላ እናት በመስኮቱ ብቅ አሉና የልጃቸው ፈቃድ መጥቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። ልጃቸው ደኅና ነው፤ ስለሱ የመጣ ክፉ ወሬ የለም። ግቡ፣ ተቀመጡ ልላቸው ግማሽ ያህል ተነሣሁ።

ፈርቼ ተመልሼ ተቀመጥሁ።