ያየሁት ባርኔጣ

ማክሰኞ፣ ጥር 5
ትምህርት ቤት ዋልኩ። ሃምሳ ሁለት ልጅ፣ አንድ ጠመኔ። የበጋው ንፋስ ከንፈሬን ሰነጣጠቀው። ልጆቹ በእረፍት ሰዓት «ፉላኒ መጣ!» እያሉ ይሯሯጣሉ፤ በጨዋታው የተያዘው ይሞታል። እኛ ቲቮች ገበሬዎች፣ ፉላኒዎቹ ከብት አርቢዎች፤ የልጆቻችን ማስፈራሪያ እነሱ ናቸው። ሳቅኩ። ከሰዓት እርሻ ወረድኩ። የቦዬ ሥራሥር የማከማችበት ጎተራዬ ሞልቷል፣ ደህና ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 7
ጎተራው ተቃጠለ። ለዘር ያስቀመጥኩት ቦዬ ሁሉ ከሰል ሆነ... ዝናቡ ሲመጣ ምን ልተክል ነው?
ስደርስ በጭሱ መሃል አንድ ሰው ወደ ወንዙ ሲሮጥ አየሁ። የሣር ባርኔጣ፣ ዱላ፣ እንደ እረኛ። ሰዉ ተሰብስቦ «ማን ነው?» ሲለኝ «ፉላኒ ነው» አልኩ። አላሰብኩበትም እንኳ። ሉሙን፣ የጎረምሶቹ አለቃ፣ ሌላ አልጠየቀኝም። «ድሮስ ከነሱ ሌላ ማን? ፉላኒ ከላሙ በቀር ለማን ያዝናል?»

አርብ፣ ጥር 8
ጎረምሶቹ ቡባን ያዙት። ወተት የምትሸጥልን የፉላኒዋ የዲያ ልጅ ነው። ከብቶቹን ሊያጠጣ ወንዝ ወርዶ ነው የያዙት። እኔ የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ቆልፈውበታል። ልጆቹን ወደ ቤት መለስኳቸው።
ነገ ጠዋት የፉላኒዎቹን ሠፈር እናቃጥላለን አሉ። ስንት ሕፃን አለ እዚያ?
በመስኮት አየሁት። ወፍራም ነው። የሮጠው ቀጭን አልነበር? ምናልባት በጭሱ... ለምን ራሴን አሞኛለሁ? ፊቱን አላየሁም። ጀርባ ነው ያየሁት።


ቅዳሜ፣ ጥር 9
ሄጄ ነገርኳቸው።
ማንጎው ሥር ቤንዚን ይዘው ቆመዋል። የመንደሩ ሽማግሌ ባባ ኦርኩማም ተቀምጠዋል።
«ፊቱን አላየሁም» አልኩ። «ባርኔጣ ነው ያየሁት።»
«ንጉቫን፣ በእርጎ ገዙሽ እንዴ?» አለ ሉሙን። ጎረምሶቹ ሳቁ።
«አንተስ እርሻ ስትወርድ ባርኔጣ ታደርግ የለ? ሁላችንስ?» አልኩት።
ባባ ኦርኩማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ባርኔጣ አይቶ ሰው ማቃጠል ምን የሚሉት ነው?»
ያኔ ታናሽ ወንድሜ ቴርሱ ከኋላ መጣ። የሁለት ልጆች አባት! ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «እኔ ነኝ» አለ። ለመብል የጫካ አይጥ ሊይዝ ሣሩን ለኩሶ ኖሯል... ንፋሱ ቀድሞት እሳቱን ጎተራዬ ላይ ጣለው።
«ቡባ ሲያዝ ለምን ዝም አልክ?»
«ፉላኒ ነው ስትዪ... ቀለለኝ፣ እህቴ።»
ቀለለው! ቃሉን ያቀበልኩት ግን እኔ አይደለሁ?
ሉሙን ጀሪካኑን አስቀመጠና ማንንም ሳያይ ሄደ። ክፍሉን ራሴ ከፈትኩት። የቡባ ከንፈር አብጧል። «ውሃ» አለ። ሰጠሁት። «ይቅር በለኝ» አልኩት። ጠጣ፣ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጦ ሄደ።
ሠፈሩ አልተቃጠለም። ማንም አልሞተም። ቤቴ ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ እፎይ ብዬ።

እሑድ፣ ጥር 10
ተኛሁ። ቀኑን ሙሉ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7
ቴርሱ ከራሱ ዘር አካፈለኝ። ለግማሽ ማሳ ይበቃል። ከባባ ኦርኩማ ፊት ቀርቦም ቡባን ይቅርታ ጠይቋል።
ዛሬ ገበያ ላይ ቡባ ራሱ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ።
«እናቴ ወደናንተ እንዳልመጣ ከልክላኛለች» አለ።
«ለምን?»
«ቲቮች ሁሉ ሰው አቃጣዮች ናቸው ትላለች።»
«አንተስ ምን አልካት?»
«ሁሉንም አላውቃቸውም አልኳት። አንዷን ግን አውቃታለሁ። አስተማሪ ናት። ትዋሻለች፣ ከዚያ ደግሞ መጥታ ውሸቴን ነው ትላለች።»
ሰደበኝ ወይስ ማረኝ? ሁለቱም መሰለኝ። ሳቅኩ። እሱም ሳቀ።
ከገበያ ስመለስ መንገዱን ሙሉ እየዘፈንኩ ነበር።