ፊቱ ተነቅሎ ስለተለካው ኬዝ፣ ለዋናው ገምጋሚ

ለተከበሩ የኮምፒውተር ጌም ተጫዋቾች ማኅበር ዋና ዕቃ ገምጋሚ፣ ለቀድሞው መምህሬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎ ተሽሎት፣ መነጽርዎ ተወልውሎ፣ የሥራ ጠረጴዛዎም እንደ ድሮው ሙቀት መለኪያውን በቀኝ፣ ካቻቢቴውን በግራ ይዞ ይህች ደብዳቤ በመልካም ጤንነት እንደምታገኝዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም ደህና ነኝ ብዬ መጻፍ ወግ ነበር፤ ነገር ግን ያልተለካ ነገር እንዳልጽፍ ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ አልፌዋለሁ።

ደብዳቤዋ ለሁሉም ክፍት ስለሆነች ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፤ እርስዎ ይታገሡኝ። በማኅበራችን ደንብ መሠረት ለውድድር የሚቀርብ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሁሉ እርስዎ መርምረው ባጸደቁት ኬዝ፣ ማለትም ማቀፊያ ሣጥን፣ ውስጥ መገጠም አለበት። በውድድሩ ጠዋት ኬዙን እርስዎ ራስዎ በተለጣፊ ማኅተም ያሽጉታል፤ ማኅተሙን የቀደደ ተጫዋች ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ይሰናበታል። ታናሽ እህቴ ባለፈው ወር ለቡድኑ ዋና ተሰላፊነት የመጨረሻውን ግጥሚያ ስትጫወት፣ እርስዎ ዘጠኝ ከአሥር በሰጡት ባለ መስታወት ኬዝ ውስጥ የነበረው ኮምፒውተሯ በሙቀት ታፍኖ ጠፋ። ግጥሚያው ይደገም ወይስ ጥፋቱ የእሷ ነው ተብሎ ለአንድ ዓመት ትታገድ የሚለውን የይግባኝ ኮሚቴው ሐሙስ ይወስናል። ዝርዝር እንደሚወዱ ስለማውቅ ቅሬታዬን በቁጥር አቅርቤያለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ግምገማዎ ከልብ አመሰግናለሁ። የጎኑ መስታወት እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው ብለዋል፤ እውነት ነው። ኬብል መደበቂያው ሰፊ ነው ብለዋል፤ ይህም እውነት ነው። እጅ የሚቆርጥ ጠርዝ የለውም ብለዋል፤ ይህን እንኳ በፕላስተር የተጠቀለሉ ሁለት ጣቶቼ ባይስማሙበትም ጣቶች ምን ያውቃሉ ብዬ ትቼዋለሁ። በመጨረሻም ፊቱ ጭምር መስታወት ሆኖ ሳለ አየር እንደ ልቡ ይገባበታል፣ ከባድ ጌም ሁለት ሰዓት ተጫውተውበት ሙቀቱ ከስልሳ ስምንት ዲግሪ አላለፈም ብለው ጻፉ። እኔም ይህን ለእህቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። እሷ የመረጠችው ፊቱ እንደ ወንፊት የተበሳሳውን፣ መልክ የሌለውን ኬዝ ነበር። ሐሳቧን ያስቀየርኳት እኔ ነኝ፤ እኔን ደግሞ እርስዎ።

ሁለተኛ፦ የማኅተምዎን ጥንካሬ ሳላደንቅ ባልፍ ንፉግነት ይሆንብኛል። ግጥሚያው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ቀጥታ በሚገባበት አዳራሽ እንደተጀመረ ያስታውሳሉ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የኮምፒውተሩ ማቀዝቀዣ ፋኖች መጮኽ ጀመሩ። እህቴ ኬዙን በመዳፏ ነካ አድርጋ ወዲያው እጇን ሰበሰበች። የፊቱን መስታወት ብትነቅለው ይተነፍስ ነበር፤ ነገር ግን ማኅተምዎ አንድ ጫፉ በመስታወቱ፣ ሌላው ጫፉ በብረቱ ላይ ተለጥፏል። እርስዎ ሦስት እርምጃ ርቀው ቆመው ነበር። እጇን አውጥታ ፈቃድ ጠየቀችዎት፤ ደንቡ አይፈቅድም ብለው ራስዎን ነቀነቁ። እሷም ደንብ አክባሪ ናትና ማኅተሙን አልነካችም፤ ተቀምጣ መጨረሻውን ጠበቀች። ስክሪኑ ጨለመ። ሰባት ዓይነት ቀለም ያላቸው የኬዙ መብራቶች ግን እንደ ሠርግ ቤት እየተፈራረቁ መብራታቸውን ቀጠሉ። በግምገማዎ ሁለት አንቀጽ ሙሉ ያወደሷቸው ናቸውና ውለታዎን አልረሱም።

ሦስተኛ፦ ለኮሚቴው ስለ ላኩት የሙያ አስተያየት። ግማሽ ገጽ ነው፤ ጊዜዎ ውድ መሆኑን እረዳለሁ። በዚያ ግማሽ ገጽ ውስጥ ብልሽቱ የደረሰው በተጫዋቿ የአያያዝ ጉድለት ነው የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ይህች የአያያዝ ጉድለት ያለባት ልጅ የፋኑን ክንፎች አንድ በአንድ በቀለም ብሩሽ የምትጠርግ፣ ኬብሎቿን እንደ ሹሩባ የምትጎነጉን፣ ከኮምፒውተሯ አጠገብ ውሃ የያዘ ሰው ሲያልፍ ትንፋሿን የምትውጥ ናት። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ አጣጥፋ በኪሷ ከተተችውና ምናልባት እውነት የኔ ጥፋት ይሆናል አለችኝ። ኬዝዎን ይቅር ልልዎት እችል ነበር፤ ይህን ግን አልችልም።

አራተኛ፦ እዚህ ላይ ጨዋነቴ ቢጎድል ቅር አይበሉኝ። ጥፋታችንን ልፈልግ ብዬ ግምገማዎን እንደገና ከፈትኩ። ሦስተኛው ፎቶ በልኬቱ ዕለት የተነሣ ነው፤ የጎኑን መስታወት ጥራት ለማሳየት ቀርበው አንስተውታል። ጥራቱም በሚገባ ታይቷል። መስታወቱ ውስጥ ከኋላዎ ያለው መደርደሪያ ተንጸባርቆ ይታያል፤ መደርደሪያውን ተደግፎ የቆመው ደግሞ የኬዙ የፊት መስታወት ነው፣ ከነ አራት መቆለፊያዎቹ። ሙቀት መለኪያው እየሠራ፣ ጌሙ እየተጫወተ፣ ኬዙ ያለ ፊት ተቀምጧል። ዓይኔን ስላላመንኩት ቤት ሄጄ በሁለቱም መንገድ ለካሁ። ፊቱ ተነቅሎ ስልሳ ስምንት ዲግሪ ሆነ፤ የእርስዎ ቁጥር፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። ፊቱ ተዘግቶ በአርባኛው ደቂቃ ዘጠና ስድስት ደረሰና ጠፋ።

መለካቱ ብቻ ስላልበቃኝ ወደ ቤተ ሙከራዎ መጣሁ። ፎቶውን አሳየሁዎት። መነጽርዎን ግንባርዎ ላይ ሰቅለው ጥቂት ካዩት በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚለካው። ቁጥሩ ካላማረ ማን ያነበዋል፣ ልጄ?» ይህን ብለው ወደ ብሎንዎ ተመለሱ። ልጄ ባይሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ምክንያቱም እርስዎ ዘንድ ተማሪ ሆኜ በገባሁበት ሳምንት የአንዱን ኬዝ ጎን ሳልዘጋ ለክቼ ነበር። አልተቆጡኝም። የአንድ ሙሉ ቀን ሥራዬን በእርጋታ ሰርዘው፣ ሰው ዘግቶ የሚጠቀምበትን ዕቃ ከፍቶ መለካት በሰው ላይ መቀለድ ነው አሉኝ። እኔ ያንን ቃል ይዤ ስምንት ዓመት ኖርኩ። ደንበኛ ሲያጣድፈኝ፣ ጓደኛ ሲስቅብኝ እየዘጋሁ ለካሁ። ስለዚህ ቅር ተሰኝቻለሁ ማለት አይበቃም። ከድተውኛል፤ ከዚያም የባሰው፣ የራስዎን ክህደት ለመሸፈን እህቴን አሳልፈው ሰጡ።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሐሙስ ከሦስት ሰዓት በፊት ለኮሚቴው ኬዙ እንዴት እንደተለካ ይንገሩ። ከግማሽ ገጽ አይበልጥም።

ያለዎትን ዕውቀት ሳይሰስቱ ሰጥተውኝ እንዴት ጥቅም ላይ እንደማይውል ደግሞ በራስዎ ላሳዩኝ መምህሬ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ የላቀ አክብሮቴን የማቀርብ፣

የቀድሞ ተማሪዎና ልትታገድ የደረሰች ተጫዋች ወንድም።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት እህቴ አንብባዋለች። መብራቶቹ ጋ ስትደርስ ሳቀች። ከዚያ የግምገማውን የመጨረሻ ገጽ አውጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። ከግርጌው ሁለት ፊርማ አለ፤ የላይኛው የገምጋሚው የእርስዎ፣ የታችኛው ቁጥሩን ዳግም ለክቶ ማረጋገጥ የነበረበት የአረጋጋጩ፣ ማለትም የእኔ። «አንተስ ዘግተህ ለክተህ ነው የፈረምከው?» አለችኝ። እርስዎ ለክተውታል ብዬ ነበር የፈረምኩት፤ ቁጥሩን እንኳ ያነበብኩት ከፈረምኩ በኋላ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔና እህቴ በሰላምታ ብቻ እንተላለፋለን። ስለዚህ ሳልለካ መፈርሜን የሚገልጽ ወረቀት ለኮሚቴው አስገብቻለሁ፤ ከማኅበሩም ሊያሰናብተኝ እንደሚችል የኮሚቴው ሰዎች ነግረውኛል። በወረቀቱ ላይ የፈረምኩት እንደ ወትሮው በታችኛው መስመር ነው። የላይኛውን ባዶ ትቼልዎታለሁ።